ምርት ሲበዛ ሰው ሲያንስ
ስለ አንድ የአሜሪካ የገጠር ወረዳ ሕዝብ፣ ሥራና መኖሪያ ቤት የቀረበ ትምህርት

የአንድን አገር የእርሻ ሀብት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ምርቱ ስንት ኩንታል እንደ ሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ምርቱን የሚያመርተው ሕዝብ ስንት ነው? ዕድሜው ምን ያህል ነው? ከእርሻ ሌላ በምን ሥራ ይተዳደራል? የሚኖርበትስ ቤት እንዴት ያለ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ጋር አብረው ካልተያዙ፣ ጎተራው ሞልቶ መንደሩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ መዝገቡ ዘመኑን የጥጋብና የደስታ ዘመን አድርጎ ሊያሳየን ይችላል።

ይህን ነገር በግልጥ ለመረዳት የሚያስችል አንድ ምሳሌ በአሜሪካ ውስጥ እናገኛለን። እርሱም በካንሳስ ስቴት የሚገኘው ስሚዝ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት ከስቴቱ በታች የሆነ፣ የራሱ ዋና ከተማ፣ ፍርድ ቤትና ግምጃ ቤት ያለው የአስተዳደር ክፍል ስለ ሆነ፣ ለአንባቢዎቻችን እንዲቀል ከዚህ በኋላ ወረዳ እያልን እንጠራዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጠ በቀር፣ ሁሉም በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራውና አሰፋፈሩ

ስሚዝ ወረዳ በካንሳስ ሰሜናዊ ዳርቻ ከነብራስካ ስቴት ጋር ይዋሰናል። የመሬቱ ስፋት 895 ካሬ ማይል፣ ማለት 2,318 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ጋሻ በ40 ሄክታር ብናስበው 5,800 ጋሻ ያህል ይሆናል። አገሩ ሰፊ ሜዳና ዝቅተኛ ጉብታ የሚፈራረቁበት የሣር ምድር ሲሆን፣ በደቡብ በኩል የሰለሞን ወንዝ ሰሜናዊ ቅርንጫፍ ያልፍበታል። የዓመቱ ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ለስንዴ የሚበቃ፣ ድርቅ በመጣ ጊዜ ግን የሚያሰጋ ልክ ነው።

በ1918 የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ቀያሾች ባደረጉት ስሌት የዚያን ጊዜዎቹ 48 ስቴቶች መካከለኛ ነጥብ በዚሁ ወረዳ፣ ሌባነን በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ሆኖ ተገኘ። በ1959 አላስካና ሃዋይ ስቴት ሆነው ሲጨመሩ የጠቅላላው አገር መካከል ወደ ደቡብ ዳኮታ ተዛወረ። ሆኖም ለተያያዘው የአሜሪካ ምድር እምብርቱ አሁንም በሌባነን አጠገብ ነው። ከዚህ የምንረዳው በካርታ ላይ በመካከል መገኘት ማለት ለገበያና ለሥራ ቅርብ መሆን ማለት አለመሆኑን ነው። ሌባነን በ2010 ቆጠራ 218፣ በ2020 ቆጠራ 178 ሰዎች ብቻ ነበሩባት።

ይህ ምድር ከገበሬዎቹ በፊት ባለቤት ያልነበረው ባዶ አገር አልነበረም። ፖኒ የተባሉትና ሌሎችም የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጎሽ የሚያድኑበት ስፍራ ነበር። ፖኒዎች በ1870ዎቹ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ እንዲሄዱ ሆነ፤ የጎሹም መንጋ በዚያው ዘመን በጥይት አለቀ። በስፍራው የገቡት አዲሶቹ ሰፋሪዎች፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1862 የፈረሙትን የመኖሪያ ርስት ዐዋጅ ተከትለው የመጡ ናቸው።

የዐዋጁ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ወይም ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ጥቂት የመዝገብ ገንዘብ ከፍሎ 160 ኤከር፣ ማለት 65 ሄክታር ያህል መሬት ይረከባል። ባል የሌላት ሴትም ትረከባለች። ተረካቢው በመሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ፣ አርሶ፣ 5 ዓመት ከተቀመጠ ርስቱ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ንብረቱ ይሆናል። ስለዚህ ርስቱን የሚያጸናው ነዋሪነት ነበር፤ የነዋሪነትም ምልክቱ ቤት ነበር። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ወረዳው በ1867 ተከልሎ፣ በ1864 በእርስ በርስ ጦርነት በሞተ ስሚዝ በተባለ የጦር መኰንን ስም ተሰየመ። የራሱ አስተዳደር የቆመለት በ1872 ነው። በ1870 ቆጠራ 66 ሰዎች ብቻ ተመዘገቡበት፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን 13,883 ሆኑ። ከሰፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ሐኪም ብሩስተር ሂግሊ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በዚያው በሠራት ጎጆ ሆኖ የጻፈው ግጥም በኋላ በመላው አሜሪካ የታወቀ ዘፈን ሆኗል፤ በ1947ም የካንሳስ ስቴት መዝሙር ተደርጎ ተደንግጓል። ዘፈኑ በሜዳ ላይ ስላለ ቤት የሚናገር መሆኑ ለምናጠናው ነገር ቅርብ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር

አሜሪካ ከ1790 ጀምራ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ትቈጥራለች። የስሚዝ ወረዳም ታሪክ በዚህ መዝገብ ውስጥ እንደ ሐኪም ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል። ከመዝገቡ ዋና ዋናውን እናቀርባለን።

በ1880፦ 13,883
በ1900፦ 16,384
በ1930፦ 13,545
በ1940፦ 10,582
በ1960፦ 7,776
በ1980፦ 5,947
በ2000፦ 4,536
በ2010፦ 3,853
በ2020፦ 3,570

እንግዲህ የሕዝቡ ብዛት ከፍተኛ የነበረው በ1900 ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ቆጠራ ሁሉ ቁጥሩ ከቀደመው አንሶ ተገኝቷል። በ120 ዓመት ውስጥ ከአምስት ሰው አራቱ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። በ1900 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 7 ሰው ይኖር ነበር፤ በ2020 ግን ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እናድርግ። የወረዳው መሬት ሁሉ በዐዋጁ ልክ በ160 ኤከር ቢሸነሸን 3,580 ርስት ይወጣዋል። በ2020 የተገኘው ሕዝብ ደግሞ 3,570 ነው። ስለዚህ በቀድሞው ዘመን ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው እንዲኖሩበት በታሰበው በአንዱ ርስት ልክ፣ የከተማውን ነዋሪና ሕፃናቱን ሁሉ ጨምረን ብናካፍል፣ ዛሬ የሚደርሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሕዝቡ የቀነሰው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። በ1930ዎቹ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ድርቁም ጸና፤ የታረሰውን አፈር ነፋስ አንሥቶ ሰማዩን አጠቆረው። በዚያ 10 ዓመት ውስጥ ወረዳው 2,963 ሰው አጣ፤ ይህም ከመቶ 22 ያህል ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጐልማሶችን ወደ ጦር ሜዳና ወደ ፋብሪካ ጠራ። ከጦርነቱም በኋላ ትራክተርና ኮምባይነር በየእርሻው ስለ ገቡ፣ ከሄዱት ብዙዎቹ ቢመለሱ እንኳ የሚጠብቃቸው ሥራ አልነበረም። በ1980ዎቹ ደግሞ የመሬት ዋጋ ሲወድቅና የብድር ወለድ ሲከብድ በዕዳ ምክንያት እርሻቸውን የለቀቁ በአሜሪካ ገጠር ብዙ ነበሩ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበው የዕድሜው ሁኔታ ነው። በ2000 ቆጠራ በስሚዝ ወረዳ ከአራት ሰው አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው 65 ዓመት የሞላው ነበር፤ በመላው አሜሪካ ግን በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ከስምንት ሰው አንዱ ነበር። ወጣቱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ይወጣል፤ ልጆቹንም የሚወልደው በሄደበት አገር ነው። በዚህ ምክንያት ማንም ሰው ከወረዳው ባይወጣ እንኳ የሚሞተው ከሚወለደው ስለሚበልጥ ሕዝቡ ይቀንሳል። አንድ ወረዳ ወጣቱን ሲያጣ ዛሬ ያለውን ጉልበት ብቻ አያጣም፤ የሚመጣውንም ትውልድ ያጣል።

ሥራውና ገቢው

ይህን ቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው መሬቱ ደክሟል፣ እርሻው ወድቋል ብሎ ያስብ ይሆናል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካንሳስ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ስንዴ 9 ኩንታል ገደማ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ክፉ ድርቅ ካልገጠመ ከ25 እስከ 30 ኩንታል ይገኛል። እንግዲህ የሰው ቁጥር ወደ ታች ሲወርድ ምርቱ ወደ ላይ ወጥቷል።

ዋናው ሰብል የክረምት ስንዴ ነው። ለዚህ ዐይነቱ እርሻ መሠረት የሆነው ቀይና ጠንካራ ዘር በ1874 ከደቡብ ሩስያ በተሰደዱ ሜኖናይት ክርስቲያኖች እጅ ወደ ካንሳስ ገባ። ስንዴው በመስከረምና በጥቅምት ይዘራል፤ በቅሎ በበረዶው ወራት ከተኛ በኋላ በጸደይ ያድጋል፤ በሰኔ መጨረሻም ይታጨዳል። ከስንዴ ቀጥሎ ማሽላ፣ በቆሎና አኩሪ አተር ይዘራሉ፤ ለእርሻ በማይመቸውም ስፍራ ከብት ይረባል።

ስለ ማሽላው አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። የማሽላ የጥንት አገሩ የእኛው የአፍሪቃ ሰሜን ምሥራቅ፣ ማለት የኢትዮጵያና የሱዳን አካባቢ ነው። ዛሬ ካንሳስ በአሜሪካ ውስጥ በማሽላ ምርት ከሁሉ የሚበልጥ ስቴት ነው። በ1956 የተዳቀለ የማሽላ ዘር ለገበያ ከቀረበ በኋላ ምርቱ እጅግ አደገ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ እንጀራና ጠላ የሚሆነው እህል በዚያ አገር በአብዛኛው የከብት መኖ፣ የነዳጅ አልኮልና ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ ነው። ማሽላ ድርቅ ስለሚችል ብዙ ገበሬዎች አንድ ዓመት ስንዴ፣ በሚቀጥለው ማሽላ ይዘራሉ፤ በሦስተኛው ዓመት መሬቱ እርጥበት እንዲያጠራቅም ጦሙን ያሳድሩታል።

ታዲያ ምርቱ ሲበዛ ሰው ለምን አነሰ? ትራክተር የአንዱን ሰው ጉልበት ስላበዛው፣ ቀድሞ አንድ ቤተ ሰብ በጭንቅ ያርሰው የነበረውን 65 ሄክታር አሁን አንድ ሰው በጥቂት ቀን ያርሰዋል። በሌላ ወገን የትራክተሩ፣ የማዳበሪያውና የነዳጁ ዋጋ እየጨመረ ስለ ሄደ ከአንድ ሄክታር የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ሆነ። ገበሬው ለመኖር መሬቱን ማስፋት ግዴታው ሆነበት፤ ለማስፋትም የጎረቤቱን መሬት መግዛት ወይም መከራየት አለበት። ስለዚህ አንዱ እርሻ ሲያድግ አንድ የጎረቤት ቤት ይዘጋል። በመላው አሜሪካ በ1935 የነበሩት 6.8 ሚሊዮን እርሻዎች በ2022 ወደ 1.9 ሚሊዮን ወርደዋል፤ የአንዱ እርሻም መካከለኛ ስፋት ከ155 ወደ 463 ኤከር አድጓል።

የመሬቱም ባለቤት ሁልጊዜ አራሹ ራሱ አይደለም። ወላጆቹ ሲሞቱ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ልጅ መሬቱን ወርሶ ለጎረቤት ያከራያል። በካንሳስ በቆየው ልማድ በዝናብ ከሚለማ እርሻ ከምርቱ ሲሶው ለባለመሬቱ፣ ሁለቱ እጅ ለአራሹ ይሆናል። ከ1967 ዓመተ ምሕረቱ የመሬት ዐዋጅ በፊት በአገራችን የነበረውን የሲሶ አራሽ ሥርዐት ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ በዚያ አገር ሲሶ የሚከፍለው አራሽ ከባለመሬቱ ይልቅ ባለ ብዙ ገንዘብና ባለ ብዙ መኪና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ያለ መሆኑ ነው። ሆኖም ሲሶው ከወረዳው ወጥቶ በሩቅ ከተማ ስለሚበላ፣ የስሚዝ ነጋዴ ከዚያ ገንዘብ ትርፍ አያገኝም።

ከእርሻ ሌላ የሕዝቡ መተዳደሪያ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ የወረዳው አስተዳደር፣ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል ጎተራ፣ የጭነት መኪናና ሱቅ ናቸው። የሽማግሌዎች ጡረታም ከወረዳው ታላላቅ ገቢዎች አንዱ ነው። በ2000 ቆጠራ መካከለኛው ቤተ ሰብ በዓመት የሚያገኘው ከ28 ሺሕ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ የመላው አገር መካከለኛ ገቢ ግን 42 ሺሕ ያህል ነበር።

የሰው ማነስ ከእርሻው ወደ ከተማው የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ትንንሾቹ ከተሞች የተተከሉት በባቡር ሐዲድ ዳር፣ ገበሬው እህሉን በሠረገላ አድርሶ በቀኑ እንዲመለስ ሆነው ነበር። መኪና ሲመጣ ርቀቱ አጠረ፤ ገዢው ወደ ትልቁ ከተማ ማለፍ ጀመረ። ሱቁ ተዘጋ፤ ቀጥሎም የተማሪው ቁጥር ስላነሰ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መምህሩም ከነቤተ ሰቡ ሄደ። በካንሳስ በ1945 ከ8 ሺሕ በላይ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች ነበሩ፤ በ1963 የወጣው የማዋሐጃ ሕግ ከተፈጸመ በኋላ ግን 300 ገደማ ብቻ ቀሩ። ከስሚዝ ወረዳ ሕዝብ ዛሬ ከመቶ 44ቱ የሚኖረው በዋናው ከተማ በስሚዝ ሴንተር ሲሆን፣ እርሱም በ2020 የነበሩት ነዋሪዎች 1,571 ብቻ ናቸው።

ይህን ስንል ግን ሕዝቡ ተስፋ ቈርጦ ተቀምጧል ማለታችን አይደለም። የስሚዝ ሴንተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ 79 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በመላው አገር ስሙ ተጠርቷል። በዚህ ያህል ትንሽ ከተማ ይህ የሆነው ሕዝቡ ልጆቹን በአንድነት ስለሚያሳድግ ነው። ትምህርት ቤት ለገጠር ከተማ የትምህርት ስፍራ ብቻ ሳይሆን የአንድነቱ ማሰሪያ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

መኖሪያ ቤቱ

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች እንጨት በጠፋበት ሜዳ ስለ ገቡ፣ ማረሻ እየሰነጠቀ ያወጣውን፣ የሣር ሥር አጥብቆ የያዘውን አፈር እንደ ጡብ ቈርጠው ቤት ሠሩበት። እንዲህ ያለው ቤት በብርድ ጊዜ የሚሞቅ፣ በበጋ የሚቀዘቅዝ ነበር፤ ነገር ግን ዝናብ በመጣ ጊዜ ጭቃ ያፈስሳል፣ እባብና አይጥም ይገባበታል። ባቡር ከሌላ አገር ሳንቃ ማምጣት ሲጀምር የእንጨት ቤት ተተካ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከአሥር እርሻ መብራት የነበረው አንዱ ብቻ ነበር፤ መንግሥት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ካበደረ በኋላ ግን መብራት በየገጠሩ ቤት ገባ። የሚያስገርመው ቤቱ መብራት ባገኘበት በዚያው ዘመን ነዋሪው መውጣቱን አለማቆሙ ነው።

በ2000 በተደረገው ቆጠራ በወረዳው 2,300 ያህል ቤቶች ሲገኙ፣ የሚኖሩባቸው ቤተ ሰቦች ግን 2,000 አይሞሉም ነበር። ከስድስት ቤት አንዱ ባዶ ነበር ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው በስሚዝ ወረዳ የቤት ችግር ሊኖር አይችልም ይል ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ባለው ወረዳ አዲስ የተቀጠረ መምህር ወይም አስታማሚ የሚገባበት ቤት ሲያጣ ይገኛል። ባዶ ቤትና የቤት እጦት በአንድ ከተማ አብረው የሚኖሩበት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው።

መጀመሪያ፣ ብዙው ባዶ ቤት ለመኖሪያ የሚሆን አይደለም። ጎረቤት መሬቱን ሲገዛ ቤቱ አብሮ ይመጣል፤ ለገዢው ግን የሚጠቅመው መሬቱ ስለ ሆነ ቤቱ ሳይታደስ ጣራው እስኪወድቅ ይቆያል። በከተማ ያለውም ቤት ቢሆን በሩቅ አገር በሚኖሩ ወራሾች እጅ ስለሚገኝ፣ ሳይሸጥና ሳይከራይ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አዲስ ቤት መሥራት አያዋጣም። የሲሚንቶ፣ የሳንቃና የሠራተኛ ዋጋ በገጠርም ከከተማ ብዙ አያንስም፤ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን በአካባቢው ያሉ አሮጌ ቤቶች በርካሽ ስለሚሸጡ ገማቹ ከወጣበት ወጪ ያነሰ ዋጋ ይሰጠዋል። ባንክ የሚያበድረው በግምቱ ልክ ስለ ሆነ ልዩነቱን ሠሪው ከኪሱ መክፈል አለበት። ይህን የሚችል ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ለብዙ ዓመት አዲስ ቤት አይሠራም።

ሦስተኛ፣ የቤተ ሰቡ ቁጥር አንሷል። በ1900 በአሜሪካ በአንድ ቤት የሚኖረው መካከለኛ ቁጥር 4.6 ሰው ነበር፤ በዚያ ልክ ብናሰላው የስሚዝ 16,384 ሰዎች 3,500 ያህል ቤት ይበቃቸው ነበር። በ2000 ግን በወረዳው በአንድ ቤት የሚኖሩት በመካከሉ 2.3 ሰው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡ ከአምስት እጅ አራት እጅ ሲቀንስ የሚፈለገው ቤት በዚያ ልክ አይቀንስም። በተለይም ባሏ የሞተባት አሮጊት ልጆቿን ባሳደገችበት ሰፊ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። መውጣት ብትፈልግ እንኳ ለእርሷ የሚሆን ትንሽ ቤት በከተማው ስለማይገኝ በዚያው ትቆያለች፤ ልጆች ያሉት አዲስ መምህርም የእርሷን ያህል ሰፊ ቤት ሲፈልግ ያጣል። ለሽማግሌዎች የሚሠራ አንድ ትንሽ ቤት አንድ ትልቅ ቤት ያስለቅቃል የሚባለው ስለዚህ ነው።

የተሞከረው መድኃኒት

የካንሳስ መንግሥት ነገሩን በዝምታ አላለፈውም። በ1998 በወጣ ሕግ፣ በገጠር ከተማ አዲስ ሰፈር ሲሠራ ለመንገድ፣ ለውሃና ለፍሳሽ ማስወገጃ የወጣው ገንዘብ በዚያው ሰፈር ከሚጨምረው የንብረት ግብር እንዲተካ ተፈቀደ። በ2011 ደግሞ ሕዝባቸው ለቀነሰ 50 ወረዳዎች ልዩ ድንጋጌ ወጣላቸው፤ ስሚዝም ከእነርሱ አንዱ ነው። በዚህ ድንጋጌ ከሌላ ስቴት መጥቶ የሚሰፍር ሰው እስከ 5 ዓመት ድረስ ለስቴቱ ከሚከፈለው የገቢ ግብር ነጻ እንዲሆን፣ የተማረው ወጣትም ከትምህርት ዕዳው እስከ 15 ሺሕ ዶላር እንዲረዳ ተወሰነ። እንዲሁም የፌዴራሉ መንግሥት በ1997 ባወጣው ሕግ ከ25 የማይበልጥ አልጋ ላላቸው የሩቅ ገጠር ሆስፒታሎች ልዩ የአከፋፈል ሥርዐት ስላደረገ፣ የስሚዝ ሴንተሩን የመሰሉ ሆስፒታሎች በራቸውን ክፍት አድርገው ለመቆየት ረዳቸው።

ውጤቱን በጥንቃቄ መመዘን ያስፈልጋል። ከ2000 እስከ 2010 ወረዳው 683 ሰው፣ ማለት ከመቶ 15 አጥቷል። ከ2010 እስከ 2020 ግን ያጣው 283፣ ማለት ከመቶ 7 ያህል ነው። ቅነሳው በግማሽ ተቃልሏል፤ አልቆመም። ይህን ሁሉ የአንድ ሕግ ፍሬ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የግብር ምሕረት ሰውን ሊጠራ ቢችልም፣ የተጠራው ሰው የሚያድርበት ቤት ካላገኘ በመጣበት መንገድ እንደሚመለስ ግልጥ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

የስሚዝ ወረዳ ችግርና የአገራችን ችግር አንድ ዐይነት አይደለም። በዚያ አንድ ገበሬ ብዙ መቶ ሄክታር ያርሳል፤ በእኛ ዘንድ አብዛኛው ገበሬ ከ2 ሄክታር ያነሰ መሬት ይዞ ብዙ ልጆች ያሳድጋል። ስለዚህ የእነርሱን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይገባም። ሆኖም ወጣቱ ከገጠር ወደ ከተማ መውጣቱ፣ ትራክተርና ኮምባይነር በስንዴ አገሮቻችን መግባታቸው፣ የገጠር መምህርና ሐኪም ቤት ማጣቱ በእኛም ዘንድ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ አራት ነገር ልንወስድ እንችላለን።

1ኛ፣ የወረዳን ኑሮ የሚያጠና ሹም ምርቱን፣ የሕዝቡን ቁጥር፣ ዕድሜውን፣ ገቢውንና ቤቱን በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ይጻፍ። ምርቱን ብቻ የጻፈ ሰው ስሚዝ በለጸገ ይላል፤ ሕዝቡን ብቻ የጻፈ ሰው ስሚዝ ጠፋ ይላል፤ ሁለቱም እውነቱን በግማሽ ይናገራሉ።

2ኛ፣ ቆጠራ በየጊዜው ሳይቋረጥ ይደረግ። የስሚዝ መዝገብ የሚያስተምረን ከ1870 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ስለ ተጻፈ ነው። በአገራችን በ1984፣ በ1994ና በ2007 ብሔራዊ ቆጠራ ተደርጓል። በሁለት ቆጠራ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን የሹሙ ዕቅድ ከዕውቀት ወደ ግምት ይወርዳል።

3ኛ፣ መኪና ወደ እርሻ ሲገባ ከእርሻ የሚወጣው ሰው በዚያው አካባቢ የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ይታሰብለት። እህሉን መፍጨት፣ ማሸግ፣ መኪናውን መጠገንና ከብቱን ማድለብ በወረዳው ውስጥ ቢሠሩ ትርፉም ሰውም በዚያው ይቀራሉ።

4ኛ፣ ቤት የልማት መጨረሻ ጌጥ ተደርጎ አይቈጠር። የ1862ቱ ዐዋጅ ቤት ሠርቶ ለሚቀመጥ ሰው መሬት በመስጠቱ በ10 ዓመት ውስጥ ባዶ ይመስል የነበረውን ሜዳ 13 ሺሕ ሰው አሰፈረበት። ከመቶ ዓመት በኋላ መሬቱ ለሚኖርበት ሳይሆን ብዙ ሊያርስ ለሚችል ሰው ሲተላለፍ፣ ርስቱና ቤቱ ተለያዩ፤ ሕዝቡም ሄደ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያሠራ ወረዳ ለመምህሩና ለአስታማሚዋ የሚሆን ቤት በዚያው በጀት ውስጥ ይጨምር።

ገበሬው ጎተራውን ሲሞላ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም ይገባዋል። የወረዳው ሹም ግን ጎተራውን ከቈጠረ በኋላ በየመንደሩ በምሽት ጢስ የሚወጣባቸውን ቤቶች ደግሞ ይቍጠር። ሁለቱን ቍጥሮች ካለፈው ዓመት ጋር ቢያስተያያቸው፣ ስሚዝ ወረዳ በመቶ ዓመት ውስጥ የተረዳውን ነገር እርሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊረዳው፣ ጊዜውም ሳያልፍ ሊያስብበት ይችላል።